የእህቴን ሠርግ ላደመቀችው አስጨፋሪ

ባለፈው ቅዳሜ ኤድንብራ ላይ እህቴን ዳርን። ሙሽራው የስኮትላንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ማታ ከእስክስታው በፊት ኬይሊ ተጨፈረ፤ በአኮርዲዮንና በቫዮሊን የሚታጀበው የእነሱ የቡድን ጭፈራ። አስጨፋሪዋን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ይገባታል።

አዳራሹን አስቡት። የእኛ ሰው እልል ይላል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ የሙሽራው አጎቶች ሞቅ ብሏቸው ያወራሉ። ከእንግዳው ግማሹ ጭፈራውን አይቶት አያውቅም። አንዳንድ አክስቶቻችን ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም። እሷ ግን ከጫጫታው ጋር አልታገለችም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ አንዴ ጠንከር አድርጎ ያሰማል፣ ሰው ዞር ይላል፣ ያኔ በአጭሩ ትናገራለች።

መጀመሪያ ቀላሉን አስያዘችን፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ በአንድ ትልቅ ክብ ይሄዳል፣ የጠፋበት ከፊቱ ያለውን ያያል። ቀጥሎ ዳሺንግ ዋይት ሳርጀንት የሚባለው ጭፈራ መጣ። ሙያዋ የታየው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሰው ከሦስት ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቆማል፤ እንዲህ ስድስት ስድስት እየሆነ አዳራሹ ይሞላል። ዙሩ ሲያልቅ ሦስቱ አልፈው ከሚቀጥሉት ሦስት ጋር ይገጥማሉ። አንዱ ቡድን ከዘገየ ጎረቤቱም ይበላሻል።

ስለዚህ ሙዚቃው ሳይጀመር እንግዶቹን አደባለቀች፣ በየቡድኑ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር። ከዚያ ያለ ሙዚቃ በእርምጃ አስኬደችን፤ ስምንት ወደ ግራ፣ ስምንት ወደ ቀኝ። ከመድረክ ወርዳ በሩ ጋ ወዳለው ቡድን ሄደችና የአክስቴን እጅ ይዛ አሳየቻት። ሙዚቃው ሲገባ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ከምቱ ቀደም ብላ ትጠራለች፤ እግር መዘጋጃ ያገኛል። ሰው ሲለምደው ደግሞ ዝም አለች። እኔ በጣም ያደነቅኩት ይህን ዝምታ ነው።

ስትሪፕ ዘ ዊሎው የሚባለው ጭፈራ ላይማ ቤቱ ቀለጠ! ምቱ እንደ እኛ ችክችካ ስድስት ስምንት (6/8) ስለሆነ ዘመዶቻችን ትከሻቸውንም ጨመሩበት። ኤይትሰም ሪል የሚባለውን ጭፈራ ግን ራሷ አስቀረችው፤ ረጅም ነው፣ ለጀማሪ ይከብዳል ብላ። ልክ ነበረች።

ኤድንብራና አካባቢው ድግስ ያላችሁ፣ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ምን ያህሉ እንግዳ አዲስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ጭፈራዎቹን በዚያ ልክ ትመርጣለች። ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ የኤድንብራ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ከተማውን ስለሚያጨናንቀው ቶሎ ያዟት።