ፖተርስ ሃውስ፦ በኮሎምቢያ ሮድ ያለው ካፌና የመጻሕፍት መደብር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ ወገኖቻችን ቀደም ባሉት ዓመታት ምግብ ቤቶቻቸውን ከከፈቱበት ከ18ኛው ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ኮሎምቢያ ሮድ ላይ ፖተርስ ሃውስ የተባለ ካፌና የመጻሕፍት መደብር ይገኛል። ስሙ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 18 የተነገረውን የሸክላ ሠሪውን ቤት ያስታውሳል።

ቤቱን ያቆመው ቸርች ኦፍ ዘ ሴቪየር የተባለው ማኅበረ ምእመናን ነው። መሥራቹ ጎርደን ኮስቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሠራዊት ውስጥ በሰባኪነት ያገለገለ ሰው ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ምሽት በኒው ኢንግላንድ ከሰበከ በኋላ ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ከመጠጥ ቤት በላይ ባለ ክፍል ሲያድሩ፣ ከታች የሚሰማው ጨዋታና ሳቅ ከዋሉበት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ይልቅ ሙቀት ያለው ሆኖ አገኙት። ፖተርስ ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ የማኅበሩ አባላትም በቡድን ተከፋፍለው ምሽቱን በየተራ ያስተናግዱ ነበር።

እኔ የሄድኩት ሥራ በሌለኝ ቀን ረፋዱ ላይ ነበር። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታድሶ የተከፈተ ሲሆን፣ ስለ እምነት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ዘር ጉዳይ የተጻፉ መጻሕፍት ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ ተደርድረዋል። ሒሳብ የሚከፍል ሰው ለሌላው ምግብ የሚሆን ገንዘብ መጨመር ይችላል፤ የሚከፍለው የሌለው ሰው ከዚያ ይመገባል። ከጎኔ ሁለት ፌስታል እግሩ ሥር ያስቀመጠ አዛውንት ሾርባ ይጠጣ ነበር። ሳህኑ ከእኔ ሳህን አይለይም፣ ማንኪያውም አይለይም፤ ይክፈል አይክፈል ማወቅ አልቻልኩም። ምን እንደማነብ ጠየቀኝና የመጽሐፉን ጀርባ አንብቦ በሁለት እጁ መለሰልኝ። በዚያው ሳምንት በከተማው ሌላ ካፌ ውስጥ አንድ ሰው ምንም ስላልገዛ ብቻ ከመጸዳጃ ቤት በር ሲመለስ አይቼ ስለነበር፣ ይህ ነገር ልቤን ነካው።

በሰንበቴ ላደግን ሰዎች ነዳያንን መመገብ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን እኔ ባደግኩበት ደብር ነዳያን የሚበሉት ከቅጥሩ ውጭ ተደርድረው ነበር፤ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ሲቀመጡ አላየሁም። የፖተርስ ሃውስ ትልቁ ብልጫ ይህን ልዩነት ከገበታው ማንሣቱ ነው፤ ይህም በአስተናጋጆች ትሕትና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በዚህ ማኅበር አባል የሚሆን ሰው በየዕለቱ ለመጸለይና መጽሐፍ ቅዱስን ለማጥናት፣ ከገቢው ለመስጠት፣ በአንድ የአገልግሎት ቡድን ውስጥ ለመሥራት ቃል ይገባል፤ ቃሉንም በየዓመቱ ያድሳል። ይህ ጥብቅ ሥርዓት ነው፤ የአባላቱ ቁጥር ብዙ ያልሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ሆኖም በድህነት ለሚኖሩ ቤተሰቦች ቤት የሚያከራየው ጁቢሊ ሃውሲንግ እ.ኤ.አ. በ1973፣ መጠለያ የሌላቸውን ሕሙማን የሚያስታምመው ክራይስት ሃውስም እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመሩት ከእነዚሁ ጥቂት ሰዎች መካከል ነው። በክራይስት ሃውስ ሐኪሞች ከነቤተሰቦቻቸው ከሕሙማኑ ጋር በአንድ ሕንፃ ኖረዋል። በዚህ ከተማ ዙሪያ ያሉ የእኛ አጥቢያዎችና ማኅበራት ከዚህ ቤት የሚማሩት ብዙ አለ ብዬ አምናለሁ።

ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመጻሕፍቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሒሳብ ስትከፍሉም የአንድ ሰው ምግብ ጨምሩ። ከዚያ በዚያው በኮሎምቢያ ሮድ ወደ ክራይስት ሃውስ ብትዘልቁ፣ ኮስቢ እ.ኤ.አ. በ2013 በ95 ዓመቱ ያረፈበትን ሕንፃ ታያላችሁ።