ቪትዜን ባታድናትም እኔን አዳነችኝ

ባለፈው ግንቦት አንዲት ልጅ ደውላ አናድዳኝ ነበር። የዛሬው ምስጋናዬ ለእሷ ነው።

ልጅቷ አንድ የመድን ብሮከር (ደንበኛንና ኢንሹራንስ ካምፓኒን የሚያገናኝ) ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የደወለችው የመኪናዬ ኢንሹራንስ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነው። እኔም እንደ ልማዴ «ያው የዓምናውን አድርጊልኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቪትዟን ዛሬ ሊሸጧት ቢያወጧት በስንት ይሰጧታል?»

«ከ1 ሚሊዮን ተኩል በታችማ ንክች አላደርጋትም።»

«ታዲያ ፖሊሲው ላይ ለምን 800 ሺህ ተጻፈች?»

መልስ አልነበረኝም። 800 ሺህ የተባለው ከዓመታት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100ን አለፈ። የእኔዋ ቪትዝ ሃያ ዓመት አልፏታል። እያረጀች እየተወደደች ሄደች። ፖሊሲዋ ግን እዚያው ቆሞ ቀርቷል።

ልጅቷ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ብትወድም ካምፓኒው ከተጻፈው በላይ አይከፍልም። ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ችግሩ አይቀርም። የዋጋዋን ግማሽ ብቻ ካስመዘገብኩ፣ የጥገናውንም ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍኑልኝ። «አቬሬጅ» ይሉታል። ስንት ዓመት ዓረቦን ስከፍል ይህን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ስናሳድገው ጭማሪው ከ15 ሺህ ብር በላይ መጣ። አጉረመረምኩ። ኮሚሽኗን ልታበዛ ነው ብዬም ለባለቤቴ አማኋት። (ይቅርታ እህቴ።) ግን ከፈልኩ።

ነሐሴ ላይ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄድን። ለቀስተኛው በአንድ አውቶቡስ ስለሄደ መኪናዋን ትቻት ወጣሁ። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሞልቶ ስለነበር ያቆምኳት ከአጥሩ ውጭ ነው። በሦስተኛው ቀን ስመለስ መስታወት የሚባል አልቀረላትም። ስፖኪዮዎቿ ተገንጥለው መሬት ላይ ወድቀዋል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሽቦው ሁሉ ተቆራርጧል፣ ወንበሮቹ በስለት ተተልትለዋል። ዘይት መሙያው ውስጥ አሸዋ ጨምረውበታል። በዚያ ላይ የነሐሴ ዝናብ ውስጧ ሲወርድ ከርሟል። ሌባ ነው እንዳልል ጎማዎቹን እንኳ አልነኩም። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔም ማሰቡን ትቼዋለሁ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ትነሳ እንደሆነ መሞከር ነበር። ቁልፉን ይዤ እያለሁ ነው ለልጅቷ የደወልኩት።

«ጋሼ፣ እንዳያስነሷት! እንዳያጥቧትም። መጀመሪያ ፎቶ ያንሱ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጋ ይሂዱ። ለካምፓኒው እኔ አሁኑኑ አሳውቃለሁ።»

አሸዋ የገባበትን ሞተር ባስነሳው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳት የእኔ ጥፋት ይሆን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላዋን ይዛ ራሷ መጣች። ፖሊስ ጣቢያም አብራኝ ሄደች። የእኔ ፖሊሲ በሁከትና በብጥብጥ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም፤ እሱ ለብቻው የሚገዛ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ሁከት እንዳልነበረና የተጎዳችው የእኔ መኪና ብቻ እንደሆነች ሪፖርቱ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ጠየቀች። የሆነውም ይኸው ነው። ግን ባይጻፍ ኖሮ ስንት ጊዜ እንደምመላለስ መገመት አያቅተኝም።

በዚሁ አጋጣሚ ፖሊሲዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ተጨማሪ ተከፍሎባቸው ከሚገዙት ሽፋኖች አንዱ ስለ ወንበዴ፣ ስለ ሽፍታና ስለ ደፈጣ ተዋጊ ነው። ለካ ሽፍታም ዋጋ ወጥቶለታል! በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቅኩ።

የካምፓኒው ኢንጂነር መጥቶ አየ። ጋራዦች ፕሮፎርማ አስገቡ። የመለዋወጫው ሒሳብ የመኪናዋን ዋጋ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። «ቶታል ሎስ» ተባለች፤ ሙሉ በሙሉ እንደወደመች ተቆጠረች ማለት ነው።

የደከመኝ ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የቀረበልኝ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነበር። አሮጌ ናት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዳለች ተባለ። እኔ «1 ሚሊዮን ተኩል ተጽፎ የለም ወይ?» ብዬ ጦፍኩ። ልጅቷ ግን እዚህ ላይ ለእኔ አላደላችም። የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው ነው፤ ካሳው ደግሞ መኪናዋ በአደጋው ዕለት ከነበራት ዋጋ ሊበልጥ አይችልም አለችኝ። ስለዚህ ክርክራችን በዚያ ቀን ስንት ታወጣ ነበር የሚለው ላይ ነው።

ቤት ያለውን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስብ ተባልኩ። ባለቤቴ ደረሰኝ የምታስቀምጥ ሰው ባትሆን ጉድ ሆኜ ነበር። አራት አዲስ ጎማ፣ የሞተር እድሳት፣ የሁለት ዓመት ሰርቪስ፣ ሁሉም ተገኘ። ልጅቷ ደግሞ ሦስት መኪና መሸጫዎች ዞራ የዚያኑ ሞዴል ዋጋ በጽሑፍ አመጣች። አንድ ገጽ ደብዳቤም አዘጋጀች። ልመና የለበትም፣ ቁጣም የለበትም። እኔ ብጽፈው ሁለቱንም እደባልቀው ነበር። ካልተስማማን ኢንሹራንሶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት እንደምችልም ነገረችኝ፤ እዚያ ግን አልደረስንም። ከሁለት ሳምንት በኋላ 1 ሚሊዮን 420 ሺህ ተባለ። ኤክሰሱ፣ ማለትም ከጉዳቱ እኔው የምሸከመው ድርሻ፣ ተቀንሶ ጥቅምት ላይ ገባልኝ። ፖሊሲው በድሮው ዋጋ ቢቀር ኖሮ 800 ሺህ ይዤ ነበር የምቀመጠው።

ሊብሬውን፣ ሁለቱንም ቁልፍና ከውልና ማስረጃ ያወጣሁትን ውክልና ካስረከብኩ በኋላ ቪትዟ የእነሱ ሆነች። ተጭና ስትሄድ ላለማየት ወደ ቤት ገባሁ። ኋላዋ ላይ የነበረው የመሣሪያ ሳጥኔ ዝናብ በልቶት ቀረ። እሱን የሚከፍል የለም፣ የመኪና ኢንሹራንስ ውስጧ ያለውን ዕቃ አያውቅም።

የካምፓኒውን ስም አልጠራም። አንገላቱኝ፣ ግን ከፈሉ። ልጅቷም መልአክ ናት አልልም። ጠዋት ጠዋት ስልክ አታነሳም፣ ወረቀት ከጎደለ ደግሞ ድርቅ ትላለች። ከእኔ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም፤ ብሮከር ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከኢንሹራንሱ ነው። ቤት ጠርተን ቡና አጠጣናት። ባለቤቴ ስትወጣ ሽሮ ቋጥራ ሰጠቻት። ሽሮውንስ አልመለሰችም።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ፖሊሲያችሁን አውጡና የመኪናችሁ ዋጋ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ እዩ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።