ደሴ ላይ የካምቢዮ ዘይት የምትቀይሩ፣ ከጄሪካናችሁ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ

እጄ ገና ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ንዴቴም አልወጣልኝም። አንዳንድ ቦታ አፌ ካመለጠኝ እለፉኝ።

ዘይትና መለዋወጫ ሸጦ «መቀየሩን በነጻ እንሠራለን» የሚለውን ሱቅ ታውቁታላችሁ። ከፊት መደርደሪያ፣ ከኋላ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ ቱታ የለበሱ ልጆች። ገና ስትገቡ ወንበር ይሳብላችኋል፣ «አብሽሩ» ትባላላችሁ፣ ዋጋ ሳትከራከሩ ይቀነስላችኋል። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፣ በስም ማጥፋት ተከስሼ ሌላ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ዓይነቱ ግን በየከተማው ሞልቷል።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት፣ 75 የሚባለው። አባቴ ከጨረታ ያወጣት ናት፤ አሁን የማሠራት እኔ ነኝ። በኩታበር በኩል ወገልጤና ድረስ እህልም ሰውም ታመላልሳለች። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ማለት ጀመረች፤ በዚያ ላይ የኋላ ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል በዘይት ርሶ ያብረቀርቃል። አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ሆኗል። የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ ዘይት መቀየር እንዳለበት፣ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት፣ የኋላው ኦይል ሲልም መታየት እንዳለበት ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ምን እንደምፈልግ ጽፌ ነው የሄድኩት። ለካምቢዮ ጂ ኤል 4፣ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ለሚያካፍለው ለዲፈረንሻል ጂ ኤል 5፣ ሁለቱም 80 ደብልዩ 90። ቅንጦት አይደለም። የዲፈረንሻል ጥርሶች ሲዞሩ እርስ በርስ በከባድ ጫና ይንሸራተታሉ፤ ያን ጫና የሚችለው ጂ ኤል 5 ውስጥ ያለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ነው። ካምቢዮ ውስጥ ግን ማርሽ የሚያስማሙ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፣ ቅመሙ ሲበዛ እነሱን ሊጎዳቸው ይችላል። 80 ደብልዩ 90 የሚለው ውፍረቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ከየትኛው ደረጃ እንደሆነ የሚለየው ጂ ኤል የሚለው ነው።

ሻጩ ወረቀቴን አነበበና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን አየ። ሰው እየጠበቀ መስሎኝ ነበር።

«ባለቤትሽ አልመጣም?»

«መኪናዋ የኔ ናት።»

«እሺ የኔ እናት። ይሄ ጂ ኤል ምናምን የሚሉትን ተይው፣ 90 ካለ ለሁሉም ይሆናል።»

አይሆንም አልኩ። ተነፈሰ። ልክ ልጅ ከረሜላ ይገዛልኝ ብሎ እንዳስቸገረው ዓይነት። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቶ ጄሪካኖቹን አወረደልኝ። ክዳናቸው አልተነካም፣ ቀለበቱም እንዳለ ነው፤ አንዱን አገላብጬ ሳየው የጽሑፉ ወረቀት ጥግ ላይ ተቀዶ ሙጫው ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ይቺ ቅዳጅ በኋላ ጠቀመችኝ። የኋላውን ኦይል ሲል ጨምሮ በቴሌብር ከፈልኩ፤ የአንድ ኮንትራት ጉዞ ገቢ ሄደ ማለት ነው። የተላከበት ስም የሱቁ አይደለም። ደረሰኝ ስለው «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በኋላ» አለኝ። ሁሌም የተበላሸ ማሽን!

«ግቢው ቆሻሻ ነው፣ አንቺ ቡናሽን ጠጥተሽ ነይ» ተባልኩ። ሄድኩ። ስልኬን መኪናው ውስጥ ረስቼው ስለነበር ግን ስኒው ሳይቀርብልኝ ተመለስኩ።

አሁን የምነግራችሁን ደጋግሜ ባየውም አይለቀኝም። አንዱ ልጅ መኪናው ሥር ተኝቷል። አጠገቡ አፉ የተቆረጠ፣ ከላይ እስከ ታች የጠቆረ ቢጫ የምግብ ዘይት ጄሪካን አለ፤ ከሱ ላይ በጎማ ቱቦ ወደ ካምቢዮው እየሞላ ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ የኔን ጄሪካኖች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወደ ሱቁ እየገባ ነው። ክዳናቸው እንደታሸገ። ጥጉ የተቀደደው ወረቀት ወደ እኔ ዞሯል። ልጁ አየኝ፣ ቆመ፣ ወደ ሻጩ አየ። ሻጩ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ፣ ደንገጥ እንኳ ሳይል፣ በአገጩ «ግባ» አለው። ልጁም ገባ፤ ጄሪካኖቹን እዚያው መሰላሉ አናት ላይ መልሶ ደረደራቸው። እኔ እያየሁ!

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምኑ?»

«የከፈልኩበት ዘይት ወደ መደርደሪያ እየተመለሰ ነው።»

«ያ የሌላ ደንበኛ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ያለውን ቅዳጅ አሳየሁት። እሱ ያኔ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዘይት ዘይት ነው እናቴ፣ ወጥ አድርገሽ ልትበዪው ነው እንዴ?» ልጆቹ ሳቁ። መኪናው ሥር ያለው ሳይቀር ሳቀ። ሌባ ተብሎ መያዝ ያሳፍራል ብዬ ነበር የማስበው፤ እዚያ ቤት የሚያሳፍረው መጠየቅ ነው። ገንዘቤን መልስልኝ ብል «ሥራው አልቋል፣ የኋላውም ተገጥሟል፣ ባለቤትሽ ይደውልልኝና ከሱ ጋር እንነጋገራለን» አለ። ባል እንኳን የለኝም እኮ፤ ቢኖረኝስ ካምቢዮው የሱ ነው?

መኪናዋን በቀስታ እየነዳሁ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ወደሚያውቋት አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድኩ። የካምቢዮውን ዘይት አስፈስሰው በጣታቸው አሻሹት። አዲስ የማርሽ ዘይት ማር የመሰለ ወፍራም ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል፣ ሰልፈሩ ነው። ይሄኛው እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ጥቁር ነው፣ የሚሸተውም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ከአንድ ሞተር ወጥቶ ወደ እኔ ካምቢዮ የገባ ማለት ነው። የዲፈረንሻሉን መሙያ ሲከፍቱት ደግሞ ጭራሽ አልተነካም፤ ያው አሮጌው ዘይት ነው፣ ጎድሏል።

«የኋላውም ተገጥሟል» ወደተባለው ሄዱ። ኦይል ሲሉን ለመቀየር አክስሉ፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ መውጣት አለበት። የአክስሉ ብሎኖች ላይ ያለው ዝገት እንዳለ ነው፤ ቁልፍ አልነካቸውም። ከውጭ ግን ዙሪያውን ሲልኮን ተለቅልቋል፣ ገና አልደረቀም። «ልጄ፣ ይሄ ለዓይን ነው» አሉኝ። ጎማውን ፈተው የፍሬኑን ክዳን ሲያነሱ ሸራው በማርሽ ዘይት ርሷል። ነገ ኮምቦልቻ ወርጄ ጭነት ላነሳ ነበር። ወደዚያ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በዚህ ፍሬን! መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አንዱ ጎማ ይዞ ሌላው ሲያንሸራትት መኪናው ወዴት እንደሚጎትት አስቡት።

የባሰ የሚያናድደው የመፍሰሱ ምክንያት ነው። አዛውንቱ አክስሉን ከሸፈነው ብረት አናት ላይ ያለችውን የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ፈቱ። አውራ ጣት የማታክል ነገር ናት። የወገልጤና የክረምት ጭቃ ገብቶባት እንደ ሸክላ ደርቋል። ዳገት ስትወጣ ዲፈረንሻሉ ይሞቃል፣ አየሩ ይለጠጣል፣ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ናፍጣ ውስጥ ነክረው በሽቦ ጠረጉና መልሰው ገጠሟት። ለሷ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ኦይል ሲሉ ተጎድቶ ስለነበር እሱም ተቀየረ፣ የፍሬኑም ሸራ አብሮ፤ ያኛው ሱቅ ግን መተንፈሻዋን ቢያያት እንኳ አይነግረኝም ነበር።

ሌላውን ባጭሩ። ዘይታችሁ ሲገባ አጠገቡ ቁሙ፣ ባዶውን ጄሪካን ይዛችሁ ውጡ፣ ክዳኑንም ስበሩት፤ አለዚያ ነገ ለሌላው ይሞላበታል። ከማፍሰሻው በፊት መሙያው ይከፈት፤ መሙያው እምቢ ብሎ ዘይቱ ከፈሰሰ ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የሚፈስ ካለ መጀመሪያ በናፍጣ አሳጥባችሁ አድርቁት፣ ማታ ካርቶን ከሥር አንጥፉ፣ ጠዋት የት እንደነጠበ ታያላችሁ። ሽታውም ይለያል፣ የማርሽ ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር አይምታታም። እንደኔ ዓይነት መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ካምቢዮው እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ካላያችሁ ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ትራንስፈር አስከፍቱ፤ በመካከላቸው ያለው ኦይል ሲል ሲያረጅ ዘይቱ ወደዚያ ይሻገራል።

ጥቁሩን ዘይት በሃይላንድ ላስቲክ ቀድቼ አስቀምጫለሁ፣ የቴሌብሩም መልእክት አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል፤ ሰኞ ይዣቸው ንግድ ጽሕፈት ቤት እገባለሁ። እዚያው ሱቅ እንዲህ የተደረጋችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አብረን እንግባ። እስከዚያው ትክክለኛ ጂ ኤል 5 የሚሸጥ የምታውቁት ካለ፣ ኮምቦልቻም ቢሆን፣ ወልድያም ቢሆን፣ ጠቁሙኝ። ዲፈረንሻሉ ክፍቱን ነው ያለው።