ነባሩን ጭቃ ቤት ማደስ ወይስ አፍርሶ ጂ+1? ግቢ ለሚገዙ

ቀበና፣ ጉለሌ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረከበው ከነጭቃ ቤቱ ነው። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ፤ አፍርሶ ጂ+1 ማቆም፣ ወይም ቤቱን አድሶ ከጎኑ ክፍል መጨመር። ደላላው «አሮጌ ነው፣ መሬቱን ነው የምትገዙት» ይላል። እርጅናው ግን ብቻውን አይወስንም፤ የሚወስኑት የግድግዳው እግር፣ የፀሐዩ አቅጣጫና መሬቱ ናቸው።

ከዋጋ በፊት ቦታው በፕላን ለምን እንደተመደበ ከክፍለ ከተማው ይጣራ። ለመልሶ ማልማት ከተያዘ ንጽጽሩ እዚያው ያበቃል። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ ማፍረስ ቀርቶ መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል (አዋጅ ቁጥር 209/1992)።

እግሩን ማየት

በየማዕዘኑና ከመታጠቢያው ጀርባ፣ ከወለል እስከ ጉልበት ያለውን ምርጊት በ3 ወይም 4 ቦታ ያስፈልፍሉ። ብቅ ያለውን የባሕር ዛፍ ቋሚ በካቻቢቴ ይውጉት። ጫፉ ብቻ ከነካው ደኅና ነው፤ 1 ሳ.ሜ. ያህል ያለ ትግል ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል። ከ10 ቋሚ 2 ወይም 3 ቢበላሹ ጣሪያውን እየደገፉ በየተራ መቀየር ይቻላል። ግማሹ ከሄደ ግን ማደስ የሚባለው በአሮጌ ቆርቆሮ ሥር አዲስ ቤት መሥራት ነው፤ ይፍረስ።

በተለይ ውጩ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ያሳስታል። ፊቱ ያማረ ነው፤ ጭቃው የሳበው እርጥበት ግን በሲሚንቶው በኩል እንደልቡ ስለማይወጣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ልስኑን ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጭቃው ለቋል።

ብርሃን

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነች። ቀትር ላይ ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ገደማ፣ በሰኔ በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ስለዚህ 7 ሜትር ቁመት ያለው ጂ+1 በታኅሣሥ ቀትር 4.4 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ሕንፃው የደቡቡን አጥር ተጠግቶ ከቆመ ግቢው በብርዱ ወር ፀሐይ ያጣል፤ ሕንፃው ወደ ሰሜን፣ ባዶው ግቢ ወደ ደቡብ ይሁን። (የሰሜኑ ጎረቤት በዚህ ደስ አይለውም፤ ለእሱም ርቀት ይተውለት።) ምሥራቅና ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስተዋት አንመክርም፤ ዝቅ ብሎ የሚገባውን ፀሐይ የጣሪያ ክንፍ አያስቆመውም።

በዚህ በኩል ጂ+1 ይበልጣል፤ መስኮቱ ከመጀመሪያው ይታሰባል። ጭቃ ቤት ይጨልማል። የመስኮት ብርሃን በደንብ የሚዘልቀው በግምት የላይኛው ጫፉን ከፍታ ሁለት እጥፍ ነው፤ 1.8 ሜትር ላይ የሚያበቃ መስኮት 3.6 ሜትር ያህል ያበራል፣ 5 ሜትር ጥልቀት ያለው ሳሎን ጀርባው በቀን አምፖል ይፈልጋል። መስኮቱን ወደ ጎን ማስፋት ጣሪያውን የተሸከመውን ቋሚ መቁረጥ ነው። የሚቀለው መላ ወደ ሰሜን ባዘነበለው የጣሪያው ገጽ ላይ አንድ ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ አስገብቶ ኮርኒሱን ከሥሩ መክፈት ነው። ሞገዱ ከነባሩ ጋር አንድ ይሁን፤ ላይና ታች 20 ሳ.ሜ. ይደራረብ፤ ቀዳዳው ከሚስማሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይስፋ፣ አለዚያ ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥ ይሰነጠቃል።

መጋጠሚያው

እድሳት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። ጭቃ ቤቱ መስመጡን ከጨረሰ ቆይቷል፣ አዲሱ የብሎኬት ክፍል ገና ይሰምጣል፤ ከተጣበቁ መጋጠሚያቸው ይሰነጠቃል። የአዲሱን ቢም በነባሩ ግድግዳ ላይ አያሳርፉ። በመካከላቸው 1.2 ሜትር ያህል ተትቶ በመስተዋት መተላለፊያ ቢገናኙ ሁለቱም ብርሃን ያገኛሉ። ሁለት ጣሪያ በአንድ አሸንዳ ላይ የሚያፈስ ከሆነ አሸንዳው ሰፊ ይሁን፣ በየ1 ሜትሩም 1 ሳ.ሜ. ዝቅ ይበል።

መሬቱ

ቦሌና ለቡ በኩል እንዳለው ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ወደ ማፍረሱ እናደላለን። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ጭቃ ቤቱ እየተለመጠ ይችለዋል፣ ጥልቀት በሌለው መሠረት ላይ የተጨመረው ብሎኬት ግን አይችልም። መሠረት በደንብ መቆፈር፣ ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) በየ20 ሳ.ሜ. እየጠቀጠቁ መሙላት ካልቀረ ለአንድ ሙሉ ቤት ቢደረግ ይሻላል።

የእንጦጦ ግርጌ ተዳፋት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለጂ+1 መሬቱን ለማስተካከል 3 ሜትር ከተቆረጠ የኋላ ክፍሎቹ ጨለማና እርጥብ ይሆናሉ፣ ነባሩ ወይራና ጽድም ይሄዳል። ነባሩን ከላይ ትቶ አዲሱን 8 ደረጃ፣ ማለትም 1.36 ሜትር፣ ዝቅ ማድረግ ቁፋሮ ይቀንሳል፤ የላይኛው መስኮትም እይታውን አያጣም።

ቤቱን በነሐሴ፣ ከዝናብ ማግስት ማየት ይሻላል፤ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ የት እንደደረሰ ያኔ ይታያል። በበጋ ከሆነና ከወለል እስከ ጉልበት ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ የሚፈለፈለው እዚያው ነው።