ሜዳሊያው 10 ኪሎ ሜትር ይላል፤ መንገዱ ግን አልሞላም

መድረሻውን እንደረገጥኩ የእጅ ሰዓቴን አቆምኩ። 49 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። 10 ኪሎ ሜትርን ከ50 ደቂቃ በታች ለመግባት ሁለት ዓመት ታግያለሁ። ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩና እንባዬ መጣ። አንድ የማላውቀው ልጅ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "እኔም ዛሬ የራሴን ሰዓት አሻሻልኩ!" አለኝ። አጠገቡ የቆመችው ልጅም አሻሽላለች። ከኋላችን እያነከሱ የገቡት አባትም አሻሽለዋል።

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጠዋት እንዴት ፈጠነ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። አልጠየቅኩም።

ወሬው የተጀመረው ጥላ ስር ተቀምጠን የጫማ ማሰሪያችንን ስንፈታ ነው። ልጁ ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገና "የኔ 9.4 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው፤ የናንተስ?" አለ። የኔም 9.4። የልጅቷ 9.5። አባት ጂፒኤስ ያለው ሰዓት የላቸውም። "እኔ እንኳ ጉልበቴ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "10 ስሮጥ መጨረሻው ላይ ቀኙ ይጮህብኛል። ዛሬ ዝም አለ።" ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ማንም አልሳቀም።

ቤት ገብቼ ሂሳቡን ሠራሁት። አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው የሮጥኩት። የዘወትር ፍጥነቴ ነው። በዚሁ ፍጥነት ሙሉ 10 ኪሎ ሜትር ብሮጥ 52 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይፈጅብኛል። በአጭሩ፣ እኔ አልፈጠንኩም፤ መንገዱ ነው ያጠረው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ እንዳትታለሉ ነው። አዘጋጁን በስም አልጠራም። ስም መጥራቱ እኔን ጣጣ ውስጥ ይከተኛል እንጂ እናንተን ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ስም በቀላሉ ይቀየራል። አሠራራቸውን ማወቁ ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ርቀቱ፤ የዋናው ማታለያ ቦታ እሱ ስለሆነ። ስትከራከሯቸው "ጂፒኤስ ይሳሳታል" ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ይሳሳታል። ረጃጅም ሕንፃ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ባለበት ሰዓታችን ይዘባርቃል። ግን ስህተቱ ወዴት እንደሚያደላ ልብ በሉ። በትክክል የተለካ መንገድ ላይ የሯጭ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ አስበልጦ ነው የሚያሳየው። መንገዱ የሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፤ በየኩርባው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ። እኛ ደግሞ ሰው ለማለፍ እንወጣለን፣ ውሃ ለመውሰድ እንሻገራለን፣ ኩርባውን በሰፊው እንዞራለን። ማራቶን (42.195 ኪሎ ሜትር) ጨርሶ የእጅ ሰዓቱ ከ42.5 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳየው ሰው "መንገዱ ረዝሟል" ብሎ ሲነጫነጭ ብዙ ጊዜ ራሱ ነው ያስረዘመው። ዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ ሰዓት 600 ሜትር ሲያጎድል ግን ነገሩ ከሰማይ ካለው ሳተላይት አይደለም።

ልኬት በመኪና አይደለም፣ በስልክ ካርታም አይደለም። ተቀባይነት ያለው መንገድ ብስክሌት ነው። የፊት ጎማው ላይ የጎማውን ዙር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ትገጠማለች። ለኪው መጀመሪያ በብረት ሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ይነዳና አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ቆጠራ እንደሆነ ያሰላል። ውድድሩን ከለካ በኋላም ተመልሶ አራት ጊዜ ይነዳል፤ ቀኑ ሲሞቅ የጎማው አየር ስለሚለወጥ። በዚህ ሁሉ ላይ በየ1,000 ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል። ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር፣ ለማራቶን 42 ሜትር ገደማ ማለት ነው። መንገዱ በትንሹ ይርዘም እንጂ እንዳያጥር። እንግዲህ 10 ሜትር ጨምሮ የሚለካ ሙያ ባለበት ዓለም፣ 600 ሜትር አጉድሎ "መጠነኛ የልኬት ክፍተት" ማለት ድፍረት ነው።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ፣ አልካድኩም። እንግሊዝ ውስጥ የማንቸስተር ማራቶን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ለሦስት ዓመት 380 ሜትር ጎድሎ ነበር። ወደ 24,000 የሚጠጉ ሯጮች ማራቶን ጨረስን ብለው ሳይጨርሱ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግላስጎው ላይ የተካሄደው ግማሽ ማራቶን ደግሞ 149.7 ሜትር ጎደለ። ነገር ግን መንገዶቹ ተመልሰው ተለኩ፣ ጉድለቱ እስከ ሜትሩ በአደባባይ ተነገረ። ከአዘጋጆቹ በኩል ያነጋገረችን ሴትዮ ግን "ሰዓታችሁ አሪፍ ከሆነ ምን አስጨነቃችሁ?" ነው ያለችን። እስካሁን ያበግነኛል።

"ፈጣን መንገድ፣ ሪከርድ የሚሰበርበት" የሚል ማስታወቂያ ስታዩም ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ርቀቱ ልክ ሆኖም መንገዱ ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። ለሪከርድ የሚበቃ መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። መነሻውና መድረሻውም በቀጥታ መስመር ከውድድሩ ርቀት ግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። ኬንያዊው ሯጭ ጄፍሪ ሙታይ እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሲገባ ከዚያ በፊት ማንም እንዲያ ፈጥኖ ማራቶን አልሮጠም ነበር፤ የዓለም ሪከርድ ሆኖ ያልጸደቀለት በመንገዱ ምክንያት ነው። እንግዲህ የኛ ሰፈር ቁልቁለት "ሪከርድ" ምን ያህል እንደሚመዘን አስቡት።

ወደ ጠዋቱ ልመልሳችሁ።

ምዝገባው ላይ "በቺፕ የሚያዝ ሰዓት" ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ቁጥሬን በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ ላያይዝ ስል ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ወረቀት ነው። ወረቀት ብቻ። ቺፕ ሲኖር ከቁጥሩ ጀርባ የተለጠፈች ቀጭን ነገር ትኖራለች፤ ወይም ጫማ ላይ የምትታሰር። መነሻና መድረሻው ላይ ደግሞ የሚነበብበት ምንጣፍ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ስታልፉበት ጢጥ ይላል። እኛ ጋ ምንጣፍ የለም፣ ጢጥ የለም። ማጉያ የያዘ ሰውዬና በአንገቱ ያንጠለጠላት የሩጫ ሰዓት ነበሩ።

ይሄ ቅንጦት ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። ብዙ ሰው ባለበት ሩጫ ከኋላ የቆመ ሰው መነሻውን ለመርገጥ ብቻ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። ቺፕ ካለ ሰዓቱ የሚቆጠርለት መስመሩን ካለፈ በኋላ ነው። ከሌለ ሰልፉም ሩጫ ሆኖ ይታሰብበታል። መሀል ላይ ምንጣፍ ከሌለም በአቋራጭ የሄደና የሮጠ አይለይም። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ፦ አንዲት ጓደኛዬ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ታክሲ ይዛ ቤቷ ገብታለች። ውጤቱ ሲወጣ 58 ደቂቃ ተሰጥቷታል። በዕድሜ ክልሏ ዘጠነኛ ወጥታለች። "እግሬ ባይዞር ኖሮ ሜዳሊያ ውስጥ እገባ ነበር" እያለች ትቀልዳለች።

ውሃው ግን አያስቀልድም። ሩጫው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነው የተጀመረው፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። ስንነሳ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። በደንቡ ውሃ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መኖር አለበት፤ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ቀረብ ቀረብ ብሎ ይጨመራል። ውሃ ማደያው ጋ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለው የተደረደረ ባዶ ጆግ ነው። መሬቱ በተረገጠ ኩባያ ነጭ ሆኗል። አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው በጎ ፈቃደኛ ባዶውን ጆግ በሁለት እጁ አቅፎ "ይቅርታ፣ አልቋል፤ ይቅርታ፣ አልቋል" ይላል ላለፈው ሰው ሁሉ። አዘጋጆቹ ቪአይፒ ድንኳን ውስጥ ናቸው። የሚያፍረው እሱ ነው። ደግሞ እኔ መሀል ላይ ነኝ፤ ከኔ በኋላ በመቶ የሚቆጠር ሰው አለ። ውሃ በጣም የሚያስፈልገው ለነሱ ነው፤ ፀሐይ ላይ ረጅሙን ሰዓት የሚቆዩት እነሱ ናቸው።

መጨረሻው አካባቢ አንዲት ሴት እግሯ ተጥመለመለባት። የት እንዳለች ስንጠይቃት የማይገናኝ ነገር ትመልሳለች። የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ከሯጮቹ አንዷ ነርስ ናት፤ ሩጫዋን ትታ ጥላ ስር አስገባቻትና ከሰው የተለመነ ውሃ እያፈሰሰችባት በወረቀት አራገበቻት። በኋላ እንደነገረችን በሙቀት ምክንያት የተቃወሰ ሰው፣ በተለይ ንግግሩ ከተምታታ፣ አምቡላንስ እየተጠራ እዚያው ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ነው የሚያድነው፤ መኪናው እስኪመጣ ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። ሴትየዋ ተርፋለች። ቁጥሯን ገልብጠን የአደጋ ጊዜ ስልክ ስንፈልግ ግን የሚሞላበት ቦታ እንኳ አልታተመም። እባካችሁ የናንተው ላይ ቦታው ባይኖርም በእስክሪብቶ ጻፉበት። የሰው ቁጥር ተውሳችሁም አትሩጡ፤ አንድ ነገር ቢደርስባችሁ የሚደወለው ለሌላ ሰው ቤተሰብ ነው።

ስለ ቲሸርቱ ብዙ አልልም። የመረጥኩት መካከለኛ ነበር፣ የደረሰኝ ለድንኳን የሚበቃ ነው። ሜዳሊያው ለመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ገደማ ሰዎች አልተረፈም፤ "በፖስታ እንልካለን" ተብለው አድራሻ ሞልተዋል። አባትም ከነሱ አንዱ ናቸው። እስካሁን አልደረሳቸውም።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ የመጣልን መልስ አንድ መስመር ነው፤ "በምንም ምክንያት ክፍያ አይመለስም።" ይህ ቃል በደህናዎቹ ሩጫዎችም ውል ውስጥ አለ፤ እሱ ብቻውን የሌባ ምልክት አይደለም። ደህናዎቹ ግን ውድድሩ ቢሰረዝ ወይም ብትታመሙ ምን እንደሚሆን ይጽፋሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ይቻላል ወይ? እስከ መቼ? እነዚህኞቹ ጋ አንዷ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት ያለችው። እሷም ብትሆን እነሱ ቃላቸውን ካፈረሱ አታድናቸውም ባይ ነኝ። የተሸጠልን 10 ኪሎ ሜትርና ቺፕ ነው፤ ሁለቱም አልቀረቡም። በባንክ ካርድ የከፈሉት ሁለት ልጆች ባንካቸው ላይ አቤቱታ አስገብተው እየተከራከሩ ነው። እኔ ደግሞ ወደ አንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው ያስገባሁት። ሞኝነቴን እወቁልኝ።

ልትመዘገቡ ስትሉ መጀመሪያ አንድ አጭር መልእክት ላኩ፦ "መንገዱን ማን ለካው? ሰርተፍኬቱን ማየት እችላለሁ?" የልኬት ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ያገለግላል፤ መንገዱ ከተቀየረ ግን እንደገና መለካት አለበት። ያለው ሰው ደስ ብሎት ነው የሚልክላችሁ፤ ደክሞበታልና። የሌለው ስለ ቲሸርቱ ቀለም ያወራችኋል። ለኔ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የለም። ቀጥሎ ያለፈውን ዓመት ውጤት ጠይቁ። ሁለት ዓይነት ሰዓት፣ የተኩሱ (ከመነሻው ተኩስ ጀምሮ ለሁሉም የሚቆጠረው) እና የቺፑ፣ ለየብቻ ካልተጻፈ ቺፑ ወሬ ነው። የምትከፍሉት ለግለሰብ ከሆነ ይቅርባችሁ። የማስታወቂያውን ፎቶ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ የኛው ማስታወቂያ ሩጫው ባለቀ ማግሥት "10 ኪሎ ሜትር" የሚለው "ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ" ተብሎ ተስተካክሏል። ቀድሞ ፎቶ ያነሳችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ባትኖር እብድ ነው የምንባለው።

ሰዓታችሁን እውነት ማወቅ የምትፈልጉ ደግሞ ባለ 400 ሜትር መም ፈልጉና በውስጠኛው መስመር 25 ዙር ሩጡ። አሰልቺ ነው። ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት፤ 52 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ገባሁ።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ ትናንት ያየሁት አዲስ ማስታወቂያ ነው። ስሙ ሌላ ነው፣ ዓርማው ሌላ ነው፣ ርቀቱ አሁን ግማሽ ማራቶን ሆኗል። ከታች ያለችው ስልክ ቁጥር ግን ታውቀኛለች፤ ለቅሬታ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬባት አንዴም አልተነሳችም። ትናንት ለመመዝገብ እንደሚፈልግ ሰው ሆኜ ከሌላ ስልክ ደወልኩ። ገና አንዴ ከመጥራቷ አነሱት።