ለሀሞክ የሚሆን የሥር ብርድ ልብስ፦ አራት የአሰቃቀል መንገዶች ሲነጻጸሩ

በሁለት ዛፎች መካከል በተወጠረ ሀሞክ (ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ) ላይ የሚያድር ሰው ብርድ ከየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቀው ገና በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ቢገባም፣ በጀርባው የተኛበትን ክፍል በክብደቱ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ሙሌት ደግሞ አየር ስለማይዝ አያሞቅም። በዚህ ላይ መሬት ላይ ለተኛ ሰው የማይኖር ነፋስ ከሥር በቀጭኑ ጨርቅ ላይ እያለፈ የገላን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል። መፍትሔው ክብደት የማያርፍበት ብርድ ልብስ ከሀሞኩ ውጭ፣ ከሥሩ፣ የገላን ቅርጽ ተከትሎ እንዲንጠለጠል ማድረግ ነው። ይህን የሥር ብርድ ልብስ ብዙዎች ራሳቸው ይሰፉታል፣ ሌሎች የተዘጋጀውን ይገዛሉ። ሁለቱም ወገኖች ገንዘባቸውን ሲያወጡ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ሙሌቱ ዓይነት ነው፤ በእኔ እምነት ግን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ብርድ ልብሱ ከሀሞኩ ጋር በምን እንደሚያያዝ ነው፤ መካከለኛ ሙሌት ያለውና በደንብ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ ውድ ሆኖ ካለቦታው ከተሰቀለው ይሻላልና።

ይህን የተረዳሁት ከዋሺንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በሚርቀው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያስባለው ዓይነት ብርድ በዚያ ተራራ ላይም አለ። በእጄ የሰፋሁት የመጀመሪያው ብርድ ልብስ እስከ ውኃ መቀዝቀዣ ነጥብ ድረስ ያሞቃል ተብሎ በሚሸጥ ሙሌት የተሠራ ነበር፤ የዚያ ሌሊት ብርድ ደግሞ ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ሆኖም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወገቤ ቀዝቅዞ ነቃሁ። እጄን በሀሞኩ ጠርዝ አሳልፌ ወደ ሥር ስሰድ፣ ከወገቤ በታች በሀሞኩ ጨርቅና በብርድ ልብሱ መካከል ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ፤ ነፋሱ በዚያ ይመላለስ ነበር። ሁለቱን ጫፎች ብቻ አስሬ ስለነበር መሐሉ ረግቦ ወርዷል።

ከአራቱ መንገዶች የመጀመሪያውና ርካሹ ይኸው ጫፍና ጫፉን ብቻ ማሰር ነው። ለዚህ በብዛት የሚመረጠው፣ ከቬትናም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ለአሜሪካ ወታደሮች ሲታደል የኖረው የፖንቾ (የዝናብ ካባ) ገበር ነው፤ ከናይለን ጨርቅና ከስስ ፖሊስተር ሙሌት የተሰፋ፣ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ቀላል ብርድ ልብስ ሲሆን፣ የወታደር ትርፍ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። ሁለቱ አጫጭር ጠርዞች ታጥፈው፣ እንደ ሱሪ ወገብ ማሰሪያ የሚያልፍበት ቱቦ ይሰፋላቸዋል፤ ገመድ ገብቶባቸው ሲሳብ ይሸበሸቡና በሀሞኩ ጫፎች ላይ በካራቢነር (ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ይንጠለጠላሉ። የስፌት መኪና ያለው ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ለማይወርድ ሌሊት ይበቃል። ከዚያ በታች ግን ሙሌቱ ስስ ነው፤ ጎኖቹንም የሚይዛቸው ስለሌለ ነፋስ ባለበት ቦታ ይከፈታሉ።

ሁለተኛው፣ ዛሬ ተሰፍተው ከሚሸጡት አብዛኞቹ የሚከተሉት፣ አራቱንም ጠርዞች በቱቦ መስፋት ነው። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ላስቲክ ገመድ ከራስጌ እስከ ግርጌ ያልፋል፤ ከዚያም በየጫፉ ተገናኝቶ በሀሞኩ ሁለት ጫፎች ላይ ይሰቀላል። በሁለቱ አጫጭር ጠርዞች ደግሞ ከዚያ የቀጠነ ላስቲክ ይገባና፣ በገመድ መቆለፊያ እየተሳበ በአንገትና በእግር በኩል ያለውን አፍ ይዘጋል። የሁለቱ ሥራ የተለያየ ነው፤ ወፍራሙ ብርድ ልብሱን አንሥቶ ከገላ ጋር ያገናኛል፣ ቀጭኑ ነፋስ ይከለክላል። ቀጭኑን ትተው በወፍራሙ ብቻ የሚሰቅሉ ሰዎች ትከሻቸውን ሲበርዳቸው ሙሌት ይጨምራሉ፤ ሙሌት መጨመር ግን የተከፈተ አፍ አይዘጋም።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም መስተካከል መቻሉ ነው። ብርድ ልብሱ በላስቲኩ ላይ ወደ ራስጌም ወደ ግርጌም ስለሚንሸራተት፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ፣ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጭር ብርድ ልብስ ሰፍቶ ጨርቅም ሙሌትም መቆጠብ ይቻላል፤ ለእግር ትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ ሀሞኩ ውስጥ ማንጠፍ ይበቃል። የማስተካከሉ ሥራ ሁለት ሰው ቢኖር ይቀልላል። አንዱ እንደሚያድርበት ሆኖ፣ ማለትም ጀርባው ቀጥ እንዲል ከመሐሉ መስመር በሰያፍ ዞሮ ይተኛል፤ ሌላው እጁን ዘርግቶ በሀሞኩና በብርድ ልብሱ መካከል ያስገባል። እጁ ሁለቱንም ጨርቆች ከነካና ሳይጨነቅ ካለፈ ልክ ነው። እንደልብ የሚወዛወዝ ከሆነ ላስቲኩ ማጠር አለበት፤ በግድ የሚገባ ከሆነ ብርድ ልብሱ እየተጨፈለቀ ነውና መላላት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በኋለኛው ነው፤ ሲበርደው ያጠብቃል፣ ሲያጠብቅ ሙሌቱ ይሳሳል፣ ሲሳሳ ይበልጥ ይበርደዋል።

አንድ ጊዜ የተገኘ ልክ በሌላ ሌሊትም እንዲሠራ ግን የሀሞኩ ርግበት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል። ለዚህ ሲባል ከሀሞኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ከላይ የምትዘረጋ፣ የማትለጠጥ ገመድ ታስፈልጋለች፤ ርዝመቷ ከሀሞኩ ርዝመት 83 ከመቶ እንዲሆን በተጓዦች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ 335 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሀሞክ 278 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ይህች ገመድ ከሌለች ዛፎቹ በተራራቁና በተቀራረቡ ቁጥር የሀሞኩ ቅርጽ ይለወጣል፤ ትናንት ልክ የነበረው ብርድ ልብስ ዛሬ ይረግባል ወይም ይጨነቃል።

ሁለተኛው መንገድ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሰው ሲገባና ሲወጣ ብርድ ልብሱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሌሊት ለሽንት ወርዶ የተመለሰ ሰው እንደገና በእጁ ዳስሶ መመለስ ይኖርበታል። ሦስተኛው መንገድ ይህን ያስቀራል። እዚህ ላይ ብርድ ልብሱ ለአንድ ዓይነት ሀሞክ ተለክቶ ይቆረጥና ማስተካከያ ሳይኖረው በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ይያያዛል፤ በኮሎራዶ ያለው ዋርቦኔት የተባለ ድርጅት «ውኪ» ብሎ የሚሸጠው የዚህ ዓይነት ነው። ከመጀመሪያው መንገድ የሚለየው በአቆራረጡ ነው፤ ቅርጹ በሰያፍ የተኛን ሰው ስለሚከተል ጎኖቹ አይከፈቱም። ሰቅሎ መተኛት ብቻ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ላስቲክ መጎተት ለማይፈልግ ሰው ከዚህ የሚመች አላየሁም። ይሁንና ሀሞኩን የቀየረ ሰው ብርድ ልብሱንም ሊቀይር ይችላል፤ ራሱን ወደ ግራ አድርጎ መተኛት የለመደ ሰው ለቀኝ የተቆረጠ ቢገዛ ትከሻው ውጭ ያድራል። በቤት መስፋቱም ከባድ ነው፤ ልኩ የሚወሰደው ሀሞኩ ሰው ተኝቶበት ሳለ ነው፣ የውጭውም ጨርቅ ከውስጠኛው ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት፤ ያለበለዚያ ብርድ ልብሱ ሲጎብጥ የውጭው ጨርቅ ይወጠርና ሙሌቱን ይጨቁነዋል። ለመጀመሪያ ስፌት አልመክረውም።

አራተኛው፣ ብርድ ልብሱን በቁልፍ ወይም በማሰሪያ ከሀሞኩ ጎኖች ጋር ማያያዝ፣ ሲታዩት ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ሀሞክ ሰው ሲተኛበት ይለጠጣል፣ ብርድ ልብሱ ግን አብሮ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ወይ ስፌቱ ይቀደዳል ወይ ሙሌቱ ይጨፈለቃል። ክብደት በሚሸከመው ጨርቅ ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳም የመቀደድ መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህን መንገድ የግድ የሚፈልግ ሰው ማያያዣውን በጠርዙ ቅምቅማት ላይ ብቻ ይስፋ፤ በማያያዣውና በብርድ ልብሱ መካከልም አጭር ላስቲክ ያስገባ።

ሙሌትን በተመለከተ ምርጫው የዳክዬ ወይም የዝይ ለስላሳ ላባና እንደ ክላይማሺልድ ኤፔክስ ያለ ፖሊስተር ነው። ላባው ለሚሰጠው ሙቀት ቀላል ነው፣ ተጠቅጥቆም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘረጋው በአፓላቺያን መንገድ ላይ ለሚጓዝ፣ እያንዳንዱን ግራም ለሚቆጥር ሰው ዋጋ አለው። ሆኖም ሲረጥብ ሙቀቱን ያጣል፤ በአንድ በኩል እንዳይከማችም በውስጡ ግድግዳ እየሰፉ ክፍል ክፍል ማድረግ ያስፈልጋል። ኤፔክስ ግን እንደ ምንጣፍ በአንድ ወጥ ስለሚመጣ ጠርዙን ብቻ መስፋት ይበቃል፣ ርጥበትም የዚያን ያህል አይጎዳውም። በካሬ ያርድ 3.6 አውንስ የሆነው እስከ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ 5 አውንስ የሆነው ደግሞ እስከ ዜሮ አካባቢ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል፤ ብርድ ቶሎ የሚሰማው ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይግዛ።

አገር ቤት የተሸመነ ጋቢ ያለው ሰው በሥር ብርድ ልብስ ፈንታ ይሠራ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ከላይ ለመደረብ ጋቢን የሚያህል ምቾት የለም፤ ከሥር ሲሰቀል ግን ነፋስ በሽመናው መካከል ያልፋል፣ ጥጡም የሌሊቱን ርጥበት ይዞ ይከብዳል። በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚወጣ ሰው ሀሞኩ ውስጥ የሚነጠፍ የስፖንጅ ፍራሽ ከሁሉ ይረክሳል፤ በሌሊት ከሥር ይሸሻል፣ ላብ ያቁራል፣ ስፋቱም አብዛኛውን ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ትከሻን አይሸፍንም፤ ድርብ ጨርቅ ባለው ሀሞክ፣ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ሲገባ ግን ቦታውን ይይዛል።

ደጋግሞ ለሚወጣና የስፌት መኪና ላለው ሰው የምመርጥለት ሁለተኛውን መንገድ ከ5 አውንስ ኤፔክስ ጋር ነው፤ ጨርቁን፣ ሙሌቱንና ላስቲኩን በኖርዝ ካሮላይና እንዳለው ሪፕስቶፕ ባይ ዘ ሮል ካሉ ሱቆች በያርድ መግዛት ይቻላል። መስፋት የማይፈልግ ሰው ለላባ የሥር ብርድ ልብስ ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ያን ያህል የሚከፍል ከሆነ ጎኖቹና ጫፎቹ በተለያየ ላስቲክ የሚስተካከሉ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ አይግዛ። ከተገዛም ከተሰፋም በኋላ ቤት ውስጥ ሳይጠቀጠቅ ተዘርግቶ ወይም ተንጠልጥሎ ይቀመጥ፤ ለረዥም ጊዜ የታመቀ ሙሌት ተመልሶ አይነፋም። ላስቲኩ ደግሞ ከጨርቁ ቀድሞ ያረጃል፤ በየዓመቱ ከጉዞ በፊት አንድ ክንድ ያህሉን ስቦ መልቀቅና ወደ ቦታው የማይመለሰውን በአዲስ መቀየር ያስፈልጋል።