ደብረ ብርሃን ላይ የሚሸጠውን «የድድ መድኃኒት» እንዳትገዙ

ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ድዱ የሚደማ እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡት። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ «ከዕፅዋት የተቀመመ የድድ መድኃኒት» እየተባለ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ቡናማ ዱቄት አለ። እናቴ ከደብረ ሲና ለዘመድ ጥየቃ ወጥታ ሦስት ብልቃጥ በ1,200 ብር ገዛች። ሻጩ «እማማ፣ ሦስቱን ካልጨረሱ በሽታው ይመለሳል» አላት። ብልቃጡ ላይ የአምራች ስም የለም፤ ቀን የለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድም ቃል የለም።

ገንዘቡስ ይቅር። እኔን ያንገበገበኝ ምክሩ ነው። «ድድዎን የሚያደማው ብሩሽና መፋቂያ ስለሆነ ለ40 ቀን ጥርስዎን አይንኩ» ብሏታል፤ እሷም አመነችው።

ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ለስላሳ ቆሻሻ ይለጠፋል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ድዱም ተቆጥቶ ያብጣል፣ ይደማል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 12 ድዳቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ፤ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት ሲጀምሩ ተመልሶ ዳነ። እንግዲህ ለታመመ ድድ 40 ቀን ያለመጽዳት ምን እንደሚያመጣ አስቡት!

ዱቄቱ የቅርንፉድ ሽታ አለው። ቅርንፉድ ሕመምን የሚያደነዝዝ ዘይት ስላለው በመጀመሪያው ሳምንት ጥዝጣዜው ጠፋላት፤ ሻጩንም መረቀችው። በሦስተኛው ወር ቆሎ ስትቆረጥም የታችኛው የፊት ጥርሷ ተነቃነቀ።

የጥርስ ሐኪሟ በመስታወት አሳየችን። ከታችኛው ጥርስ ጀርባ፣ በጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ቡናማ ቅርፊት ተጣብቋል፤ በቀጭን ብረት ስትነካው ኳ ኳ ይላል። ይህ ከጠነከረ በኋላ በብሩሽም ሆነ በየትኛውም ዱቄት አይለቅም፤ በባለሙያ እጥበት ብቻ ነው የሚነሳው። ከሥሩ ጥርሱን የያዘው አጥንት ተበልቶ ነበር፤ የተበላ አጥንት ደግሞ በራሱ አይተካም። አንዱ ጥርስ ተነቀለ።

የአገራችንን መድኃኒት ማጣጣሌ አይደለም። ጫፉ በደንብ ታኝኮ የለሰለሰ የወይራ መፋቂያ፣ ድዱን ሳይቧጥጥ ከያዙት ጥሩ አድርጎ ያጸዳል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ አሟሙቶ መጉመጥመጥ ያበጠ ድድን ያስታግሳል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ድድ ላይ ማሸት ግን ሥጋውን ስለሚያቃጥል ተዉት። ጨዉም መፋቂያውም የተጋገረውን አያነሱም፤ ለእሱ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች በተለይ አይዘግዩ፤ በእነሱ ላይ በሽታው ይከፋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም አልደማሁም ብሎ አይዘናጋ፤ ትምባሆ መድማቱን ይደብቃል።

ዱቄቱን የገዛችሁ ካላችሁ መጠቀሙን አቁሙ፤ ብልቃጡን ግን አትጣሉት። እናቴ ያልከፈተችው አንድ ብልቃጥ ቀርቷል፤ ሰኞ ለጤና ጽሕፈት ቤት ልናስረክበው ነው።